የጌሪ ኪልዳል ሕይወትና የሁለተኛው ሥርዓት ታሪክ

በጎተራ ማሳለጫ ዙሪያ ባሉት ሕንፃዎች ውስጥ የሚሠራ አንድ ሒሳብ ሠራተኛ የጻፈውን ሰነድ በኮምፒዩተሩ ሲያስቀምጥ፣ ሰነዱ የሚገባበት ዲስክ «ሲ» በሚል ፊደል ተሰይሞ ያገኘዋል። ስለ ምን «ሲ» እንደ ተባለ፣ «ኤ» እና «ቢ» ወዴት እንደ ደረሱ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሁለቱ ፊደላት ቀድሞ የፍሎፒ ዲስክ ማንበቢያዎች መጠሪያ ነበሩ፤ ማንበቢያዎቹ ከገበያ ሲጠፉ ፊደላቱ ባለቤት አጥተው ቀሩ፤ ሦስተኛው ብቻ በቦታው ጸና። ዲስክን በፊደል መጥራት በግል ኮምፒዩተሮች ዘንድ የተለመደው በአንድ ሰው ሥራ ምክንያት ነው። እኒህ ሰው ዶክተር ጌሪ ኪልዳል ናቸው።

የኪልዳል ስም በሙያችን ሰዎች መካከል ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይኸውም የአይቢኤም ሰዎች ሀብት ተሸክመው ቤታቸው ድረስ በመጡ ቀን፣ እርሳቸው አውሮፕላን ሊያበሩ ሄደው ዕድላቸውን አመለጣቸው የሚለው ነው። ታሪኩ ለቡና ላይ ጨዋታ የሚመች ነው፤ የሰውየውን ሥራ ግን ይሸፍናል። ዛሬ በአንድ ማሽን ላይ ሁለት ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ወይም በአማርኛው ስርዓተ ክወና፣ ጎን ለጎን ጭኖ በፈለገው መነሣት የሚችል ባለሙያ ሁሉ የኪልዳል ባለ ዕዳ ስለሆነ፣ ሕይወታቸውን ከዚሁ ጉዳይ ጋር አያይዘን ብናወሳ ተገቢ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባሉት በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጌሪ ኪልዳል ግንቦት 11 ቀን 1934 ዓ.ም. (1942) በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ በምትገኘው የወደብ ከተማ በሲያትል ተወለዱ። ቤተሰቡ የባሕር ሰው ነበር። ከኖርዌይ በመጣው የዘር ሐረጋቸው አያታቸው የመርከብ አመራር ትምህርት ቤት አቋቁመው ነበር፤ አባታቸውም በዚያው አስተምረዋል። የመርከብን ቦታ ከከዋክብትና ከሰዓት ተነሥቶ ማስላት ረጅም ሒሳብ ይጠይቃል። ይህን ድካም የሚያቃልል አንድ መሣሪያ መሥራት የቤተሰቡ ምኞት እንደ ነበረ ልጁ ሰምተው አድገዋል። በወጣትነታቸውም በትምህርት ቤቱ አስተምረዋል። በትምህርት ጎበዝ ከሚባሉት ወገን አልነበሩም፤ ሞተር መፍታትና መግጠም ይወዱ ነበር። ወደ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የገቡት የሒሳብ መምህር ለመሆን አስበው ሲሆን፣ እዚያ ከኮምፒዩተር ጋር ተዋወቁና ሐሳባቸው ተለወጠ። በ1963 ከልጅነት ወዳጃቸው ከዶረቲ መክዩን ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። ወይዘሮ ዶረቲ በኋላ ላይ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስፍራ ይኖራቸዋል።

ጊዜው የቬትናም ጦርነት ነበር። የውትድርና ግዴታቸውን በባሕር ኃይል በኩል እንዲወጡ ስለ ተመደቡ፣ በ1969 በካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ከተማ በሚገኘው የባሕር ኃይል ከፍተኛ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነው ተላኩ። በዚያም ሳሉ የዶክትሬት ጥናታቸውን በ1972 አጠናቀቁ። በ1973 ያሳተሙት ጽሑፍ፣ አንድ ፕሮግራም ወደ ማሽን ቋንቋ ሲተረጎም ውስጡ የሚያልፈውን መረጃ በሒሳብ ዘዴ እየተከታተሉ ትርጉሙን ማሻሻል የሚቻልበትን መንገድ የሚያሳይ ነው። ዘዴው እስከ ዛሬ በኮምፓይለር ትምህርት ውስጥ በስማቸው ይጠራል። ስለ ሰውየው የንግድ ዕድል ብቻ የሚያወሩ ሰዎች ይህን ሲዘነጉ ማየት ያሳዝናል፤ ሌላ ምንም ባይሠሩ ኖሮ እንኳ ይህ ጽሑፍ ብቻውን ስማቸውን ያቆየው ነበር።

ኢንቴል የተባለው ኩባንያ በ1971 ባወጣው 4004 በተባለው ማይክሮፕሮሰሰር ሐሳባቸው ተማረከ። ዋጋው ርካሽ፣ አቅሙም ጠባብ ነበር። ኪልዳል በመጀመሪያ የሞከሩት በቤተሰባቸው ሙያ የሚያስፈልገውን የማዕዘን ሒሳብ በእርሱ ማስላት ነበር። በእጃቸው የተሟላ ማሽን ስላልነበረ በትምህርት ቤቱ ትልቅ ኮምፒዩተር ላይ ትንሹን ማይክሮፕሮሰሰር የሚያስመስል ፕሮግራም ጻፉ። በሌላ አነጋገር በአንድ ማሽን ውስጥ ሌላ ማሽን አኖሩ። ዛሬ ቨርቹዋል ማሽን እያልን የምንገለገልበት ነገር የቅርብ ዘመዱ ይህ ነው። ኢንቴል ሥራውን አይቶ አማካሪ አደረጋቸው፤ በ1973ም ፒኤል/ኤም የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለኩባንያው ሠሩ። በዚያው ሰሞን በሳንቲም የሚሠራ የኮከብ ቆጠራ ማሽን ለመሥራት የተነሣ አንድ ነጋዴንም ረድተዋል። የእኛ አገር ኮከብ ቆጣሪዎች እንጀራ አልተነካም፤ ማሽኑ ገበያ አላገኘም።

ለኢንቴል የጻፉት የፕሮግራም ቋንቋ በትልቅ ኮምፒዩተር ላይ እንጂ በራሱ በማይክሮፕሮሰሰሩ ላይ አይተረጎምም ነበር። በትንሹ ማሽን ላይ ራሱን ችሎ ለመሥራት ማከማቻ ያስፈልጋል። ሹጋርት ከተባለው ኩባንያ በሙከራ ብዛት ያረጀ አንድ የፍሎፒ ዲስክ ማንበቢያ አገኙ፤ ነገር ግን ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚያገናኘው የኤሌክትሮኒክስ ሥራ ከችሎታቸው ውጭ ስለ ነበር ማንበቢያው ለረጅም ጊዜ ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። በመጨረሻ በዩኒቨርሲቲ የሚያውቁት ወዳጃቸው ጆን ቶሮድ የማገናኛውን ሰሌዳ ሠሩላቸው። በ1974 በፓሲፊክ ግሮቭ በምትገኘው ቤታቸው ማሽኑ ከዲስኩ ላይ ተነሥቶ ትእዛዝ ለመቀበል ዝግጁ መሆኑን በኮከብ ምልክት አሳየ። ዓመቱ በእኛ አገር የዘውዱ ሥርዓት የወደቀበት ነው፤ ያን ጊዜ የአዲስ አበባ ሰው የሚያስበው ሌላ ነበር።

የዚህ ሥርዓት ስም ሲፒኤም ነው። ምን እንደሚሠራ ለማስረዳት ከጎተራ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከእህል ማከማቻው መሆኑ የታወቀ ነው። በአንድ ትልቅ ጎተራ ውስጥ ጤፉ፣ ስንዴውና ገብሱ በየክፍሉ ይቀመጣል፤ አስገቢና አስወጪው ግን እያንዳንዱን ክፍል እየከፈተ አይመረምርም። የጎተራው ኃላፊ መዝገብ አለው፤ የትኛው እህል በየትኛው ክፍል፣ ምን ያህል እንደ ገባ፣ ባዶው ክፍል የትኛው እንደ ሆነ ያውቃል። ባለጉዳዩ የእህሉን ስም ይናገራል፤ የቀረው የኃላፊው ሥራ ነው። ከሲፒኤም በፊት እያንዳንዱ ፕሮግራም ጸሐፊ ዲስኩን በራሱ እጅ ይዳስስ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ባለ ስምንት ፊደል ስምና ባለ ሦስት ፊደል ቅጥያ መናገር በቂ ሆነ። ይህም የስም አሰጣጥ ከፊደል መጠሪያዎቹ ጋር ወደ ዶስ፣ ከዶስም ወደ ዊንዶውስ ተላልፏል።

ሥራውን ለኢንቴል ቢያቀርቡ ኩባንያው የፕሮግራም ቋንቋውን ወስዶ ሥርዓቱን ተወላቸው። እርሳቸውና ወይዘሮ ዶረቲ ከቤታቸው ሆነው በኋላ ዲጂታል ሪሰርች የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። በመጀመሪያ ሲፒኤምን በ70 ዶላር በመጽሔት ማስታወቂያ ይሸጡ ነበር። ኪልዳል ፕሮግራሙን ይጽፋሉ፤ ወይዘሮ ዶረቲ ደብዳቤውን፣ ውሉንና ሽያጩን ይመራሉ። ኢምሳይ የተባለው የኮምፒዩተር ሠሪ ድርጅት ለማሽኑ ሥርዓቱን በፈለገ ጊዜ ኪልዳል አንድ ትልቅ ውሳኔ አደረጉ። በየጊዜው ለሚመጣው አዲስ ማሽን ሥርዓቱን ከሥር እንደገና መጻፍ ሰለቻቸው። ስለዚህ ሁለት ወገን አድርገው ከፈሉት። አንደኛው ወገን ከማሽኑ ጋር ብቻ የሚነጋገር፣ ማለትም የትኛው ቁልፍ እንደ ተጫነ፣ የዲስኩ መርፌ የት እንዳለ የሚያውቅ ትንሽ ክፍል ነው፤ ይህንንም ባዮስ አሉት። ሁለተኛው ወገን መዝገቡን የሚይዘውና ከፕሮግራሞች ጋር የሚነጋገረው ትልቁ ክፍል ነው። ማሽኑ ሲለወጥ ትንሹ ክፍል ብቻ ይለወጣል፤ ትልቁና በላዩ የሚሠሩት ፕሮግራሞች ሁሉ እንዳሉ ይቀራሉ።

አንባቢ ይህን እንደ ቀላል ነገር እንዳያልፈው እለምናለሁ። ከዚህ ክፍፍል በፊት ኦፕሬቲንግ ሲስተም የማሽኑ አካል ነበር፤ ማሽኑን የሸጠ ሥርዓቱንም ይሰጣል፤ ገዢው ምርጫ የለውም። ከዚህ በኋላ ሥርዓቱ ከማሽኑ ተለይቶ የሚሸጥ፣ የሚገዛ፣ የሚለወጥ ዕቃ ሆነ። አንድ ሥርዓት በብዙ ማሽኖች ላይ መሄድ ከቻለ ደግሞ በአንድ ማሽን ላይ ብዙ ሥርዓቶች መሄድ የሚችሉበት በር ተከፈተ ማለት ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሲፒኤም በብዙ መቶ ዓይነት ማሽኖች ላይ ገባ። ዎርድስታርና ዲቤዝን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች በእርሱ ላይ ተጻፉ።

ሁለተኛ ሥርዓት በግል ኮምፒዩተር ላይ መጫን ትልቅ ገበያ ያገኘው በ1980 ነው፤ ሻጩም ማይክሮሶፍት መሆኑ ያስገርማል። አፕል 2 የተባለው ኮምፒዩተር የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ ማይክሮፕሮሰሰሩም ሲፒኤም ከተጻፈለት የተለየ ስለ ሆነ የሲፒኤምን ፕሮግራሞች ማስኬድ አይችልም። ማይክሮሶፍት ዜድ80 የተባለ ሌላ ማይክሮፕሮሰሰር የተተከለበት ሰሌዳ ሠርቶ፣ ሲፒኤምን ከኪልዳል ኩባንያ በፈቃድ ወስዶ አብሮ በ349 ዶላር ሸጠ። ሰሌዳው በአፕሉ ውስጥ ባለው ክፍት ቦታ ይሰካል፤ በአፕል ዲስክ የተነሣ ማሽን አፕል ይሆናል፤ በሲፒኤም ዲስክ የተነሣ ደግሞ ያው ማሽን የሲፒኤም ማሽን ይሆናል። ሰሌዳው በዚያ ዓመት ለማይክሮሶፍት ከፍተኛ ገቢ አስገኝቷል። በሰሌዳው ሥራ ከተሳተፉት አንዱ ቲም ፓተርሰን የተባሉ የሲያትል ባለሙያ ነበሩ፤ ስማቸውን እናስታውስ።

በዚሁ በ1980 ክረምት አይቢኤም የግል ኮምፒዩተር ሊሠራ በምሥጢር ተነሣ። ማይክሮፕሮሰሰሩ አዲሱ ባለ 16 ቢት የኢንቴል 8088 ነበር፤ ሥርዓት ግን አልነበረውም። የአይቢኤም መልእክተኞች በመጀመሪያ ወደ ማይክሮሶፍት፣ ከዚያም ወደ ፓሲፊክ ግሮቭ ሄዱ። በቀጠሮው ጠዋት ኪልዳል ከባልደረባቸው ከቶም ሮላንደር ጋር በራሳቸው አውሮፕላን ወደ አንድ ደንበኛቸው በሥራ ጉዳይ ሄደው ነበር። ውል መነጋገር ከጥንትም የወይዘሮ ዶረቲ ሥራ ስለሆነ እንግዶቹን የተቀበሉት እርሳቸው ናቸው። አይቢኤም ከሁሉ አስቀድሞ እንዲፈረም ያቀረበው የምሥጢር መጠበቂያ ሰነድ የአይቢኤምን ምሥጢር የሚጠብቅ፣ የሌላውን ወገን የማይጠብቅ ነበር። ወይዘሮ ዶረቲ ከጠበቃቸው ጋር ተማክረው ሳይፈርሙ ቆዩ። ከሰዓት በኋላ ኪልዳል ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲያ በሆነው ነገር ላይ የነበሩት ሰዎች ቃል አይገጥምም። የሚገጥመው ይህ ነው፦ አይቢኤም ሥርዓቱን በአንድ ጊዜ ክፍያ ለመውሰድ ፈለገ፤ ኪልዳል እንደ ሌሎች ደንበኞቻቸው ሁሉ በየቅጂው እንዲከፈላቸው ፈለጉ፤ ስምምነት ላይ ሳይደርሱ ቀሩ። ስለዚህ ነገሩን ያበላሸው የአውሮፕላን ጉዞ ነው ማለት ሚዛን የሚደፋ አይመስለኝም። ሁሉን ለሚሸጡበት ዋጋ ለአንዱ ትልቅ ገዢ ዝቅ አላደርግም ማለት ነጋዴን ሊያከስር ይችላል፤ ስንፍና ግን አይደለም።

አይቢኤም ወደ ማይክሮሶፍት ተመለሰ። ቲም ፓተርሰን በበኩላቸው ሲያትል ኮምፒዩተር ፕሮዳክትስ በተባለ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ለ16 ቢቱ ማይክሮፕሮሰሰር የሚሆን ሥርዓት ጽፈው ነበር፤ የሲፒኤም ፕሮግራሞች በቀላሉ ወደ እርሱ እንዲዛወሩ ፕሮግራሞች ሥርዓቱን የሚጠሩበትን መንገድ በሲፒኤም መመሪያ መሠረት አድርገውታል። ማይክሮሶፍት መጀመሪያ ፈቃድ ገዛ፤ በሐምሌ 1981ም ሥርዓቱን ጠቅልሎ በ50,000 ዶላር ወሰደ። ፒሲ ዶስ ተብሎ ለአይቢኤም የቀረበው ይህ ነው፤ ለሌሎች ማሽን ሠሪዎች የመሸጥን መብት ግን ማይክሮሶፍት ለራሱ አስቀረ። ያ የውል አንቀጽ ከፕሮግራሙ ይልቅ ዋጋ ያለው ሆነ።

ኪልዳል ዶስን ባዩ ጊዜ የእጃቸውን ሥራ አወቁት። ያን ጊዜ የሶፍትዌር ባለቤትነት ሕግ ገና ግልጽ ስላልነበረ ክስ ከመመሥረት ይልቅ ከአይቢኤም ጋር ተደራደሩ፤ አይቢኤምም ሲፒኤም-86 የተባለውን አዲሱን ቅጂ በማሽኑ ላይ አብሮ ለማቅረብ ተስማማ። እንግዲህ ነሐሴ 6 ቀን 1973 ዓ.ም. (1981) የአይቢኤም የግል ኮምፒዩተር ሲታወጅ ሦስት ሥርዓቶች እንደሚኖሩት ተነገረ፤ ሦስተኛው ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ፒ-ሲስተም ነው። ገዢው ይምረጥ ተባለ። ሲፒኤም-86 ግን ለገዢዎች የደረሰው በ1982 ነው፤ በደረሰም ጊዜ ዶስ 40 ዶላር፣ ሲፒኤም-86 240 ዶላር ሆኖ ተገኘ። ምርጫው በወረቀት ላይ አለ፤ በኪስ ላይ የለም። ኪልዳል አይቢኤም አታለለኝ የሚል ቅሬታ እስከ ሕይወታቸው መጨረሻ አልለቀቃቸውም። ዲጂታል ሪሰርች በኋላ ዋጋውን በብዙ ቢቀንስም ፕሮግራም ጸሐፊው ሁሉ ወደ ዶስ ዞሯል፤ ሥርዓት ደግሞ ፕሮግራም በሌለበት ባዶ ጎተራ ነው።

ሆኖም የሁለተኛው ሥርዓት ነገር በዚህ አልተዘጋም። በ1983 ዶስ 2.0 ከሀርድ ዲስክ ጋር ሲመጣ በዲስኩ መጀመሪያ ላይ አራት መደብ ያለው ትንሽ ሰንጠረዥ ተቀመጠ። እያንዳንዱ መደብ ከዲስኩ አንዱን ክፍል ያመለክታል፤ በየክፍሉ የተለያየ ሥርዓት ሊቀመጥ ይችላል፤ አንደኛው የሚነሣው ተብሎ ምልክት ይደረግበታል። አንድ ጎተራ በግንብ ተከፍሎ ለአራት ኃላፊዎች ተሰጠ ማለት ነው፤ አንዱ የሌላውን መዝገብ አያነብም። ይህ ሰንጠረዥ ከሠላሳ ዓመት በላይ አገልግሏል። ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን በ1991 ባወጡ ጊዜ ብዙ ሰው ዊንዶውስን ሳያጠፋ ሊኑክስን የሞከረው ይህ ግንብ ስለነበረለት ነው። የሰንጠረዡ አቅም ከሁለት ቴራባይት በላይ ለሆነ ዲስክ ስለማይበቃ በአዲሶቹ ማሽኖች በሌላ ተተክቷል።

ኪልዳል ራሳቸው ከግንብ የተሻለ መንገድ ይፈልጉ ነበር። በ1979 ብዙ ተጠቃሚዎችን በአንድ ማሽን የሚያስተናግድ ኤምፒኤም፣ ቀጥሎም በአንድ ተጠቃሚ ፊት ብዙ ፕሮግራሞችን በአንድ ጊዜ የሚያስኬደውን ኮንከረንት ሲፒኤም ኩባንያቸው አወጣ፤ ይህም አድጎ የዶስ ፕሮግራሞችን ጭምር ለማስኬድ በቃ። የኩባንያው ሽያጭ በ1981 ከነበረበት 5.4 ሚሊዮን ዶላር በ1983 ወደ 45 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል፤ ከስሮ የጠፋ ሰው የሚያደርጉት ወሬኞች ይህን አይናገሩም። በ1985 ጌም የተባለው በሥዕል የሚሠራ ገጽ ወጣ፤ አፕል ተቃውሞ አስለወጠው። ኪልዳል በዚያው ዘመን ስለ ኮምፒዩተር በሚናገር የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ለዓመታት ተባባሪ አቅራቢ ነበሩ፤ በሌላ ኩባንያቸው በኩልም በ1985 የግሮሊየርን ኢንሳይክሎፒዲያ በሲዲ ላይ አወጡ።

በ1988 ዲጂታል ሪሰርች ዲአር-ዶስን ለገበያ አቀረበ። ይህ ሥርዓት የዶስን ፕሮግራሞች እንዳሉ ያስኬዳል። በ1990 የወጣው አምስተኛው ቅጂ ከ640 ኪሎባይቱ የማስታወሻ ክፍል ብዙውን ነፃ የሚያደርግ ዘዴ ነበረው፤ ማይክሮሶፍትም በተከታዩ ዓመት ተመሳሳዩን አደረገ። ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ፊደላችን በሰባት ቤት ሲቆጠር ከ230 ያላነሰ ምልክት አለው፤ የዶስ ሰንጠረዥ ግን 256 ቦታ ብቻ ሲኖረው ግማሹ በላቲን ፊደልና በትእዛዝ ምልክቶች የተያዘ ነው። ስለሆነም አማርኛ በዶስ ማሽን ላይ እንዲታይ የሥርዓቱን ሰንጠረዥ የሚተካ፣ በማስታወሻ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅ ፕሮግራም መጻፍ ግድ ነበር። አጋፋሪን የመሰሉት የአማርኛ ጽሑፍ ማቀናበሪያዎች የተሠሩት በዚህ ጠባብ ቦታ ውስጥ ነው። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ 345 ምልክት ይዞ እስኪገባ ድረስ፣ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ በሌላ ሰው ሥርዓት ላይ የራሱን ሥርዓት ሲደርብ ኖሯል። ሥርዓቱ አንድ ብቻ፣ ባለቤቱም አንድ ብቻ ሲሆን፣ ያልታሰበለት ቋንቋ ምን እንደሚገጥመው ከእኛ በላይ የሚመሰክር የለም።

ዲአር-ዶስ ገበያ እያገኘ ሳለ የዊንዶውስ 3.1 የሙከራ ቅጂ በሥሩ ያለው ሥርዓት የማይክሮሶፍት አለመሆኑን ሲያውቅ የስሕተት መልእክት የሚያወጣ ምሥጢራዊ ፍተሻ በውስጡ ተገኘበት። ለሽያጭ በወጣው ቅጂ ፍተሻው እንዳይሠራ ተደርጓል፤ ጥርጣሬው ግን ተዘርቷል። ዲጂታል ሪሰርች በ1991 ለኖቬል ተሸጠ። ዲአር-ዶስን በኋላ የገዛው ካልዴራ በ1996 ማይክሮሶፍትን ከሰሰ፤ በጥር 2000 ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ የተከፈለው 280 ሚሊዮን ዶላር እንደ ነበረ ዘግይቶ ታውቋል። ኪልዳል ይህን ለማየት አልታደሉም።

ከሽያጩ በኋላ ወደ ቴክሳስ ሄደው ኖረዋል። ገንዘብ አላጡም፤ ሰላም ግን አጡ። ከወይዘሮ ዶረቲ ጋር በ1983 ተፋተዋል፤ ሁለተኛው ጋብቻም አልጸናም፤ መጠጥም በረታባቸው። በ1992 የተማሩበት ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍሉን 25ኛ ዓመት ሲያከብር እርሳቸው ከታዳሚዎች አንዱ እንዲሆኑ ተጠርተው፣ ዋና ተናጋሪ ሆነው የተጋበዙት ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን አቋርጠው የወጡት ቢል ጌትስ መሆናቸው እጅግ አስከፋቸው። ይህ ቅሬታ ብዕር አስነሥቷቸው በ1993 የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው ለቤተሰብና ለወዳጆች አደሉ።

በሐምሌ 1 ቀን 1986 ዓ.ም. (1994) በሞንተሬይ ከተማ በአንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ወድቀው ራሳቸውን ተመቱ። እንዴት እንደ ወደቁ በትክክል አልታወቀም። ከሦስት ቀን በኋላ በ52 ዓመታቸው ዐረፉ፤ አስከሬናቸውም በትውልድ ከተማቸው በሲያትል ተቀበረ።

በሚያዝያ 2014 ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር በፓሲፊክ ግሮቭ የዲጂታል ሪሰርች መሥሪያ ቤት በነበረው አሮጌ ቤት ፊት ለፊት የመታሰቢያ ሰሌዳ አኖረ። በ2016 ደግሞ ልጆቻቸው ስኮትና ክሪስቲን ፈቅደው፣ የጽሑፋቸው የመጀመሪያ ክፍል በካሊፎርኒያ በሚገኘው የኮምፒዩተር ታሪክ ሙዚየም በኩል ለሕዝብ ወጣ። የቀሩት ምዕራፎች የአባታቸው የሕመም ዘመን ቃል እንጂ እውነተኛ ማንነታቸው አይደሉም ብለው ስላመኑ፣ ልጆቻቸው ሳያሳትሟቸው ቀርተዋል።